ሽማግሌዎቹና ማንሆሉ

የአዲስ አበባ ሰው ስለ ውሃ ማውራት ይወዳል። መቼ እንደምትመጣ፣ መቼ እንደምትጠፋ፣ የትኛው ሰፈር በምን ቀን ተራው እንደሆነ፣ ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጠ የማታውቁት ሰው ሳይቀር ቁጭ አድርጎ ያስረዳችኋል። ከመጣች በኋላ ወዴት እንደምትሄድ የጠየቀ ሰው ግን አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ዕቃ አጥባ፣ ልብስ አጥባ፣ እኛን አጥባ፣ ስሙ የማይጠራ ሌላ ነገርም ይዛ በቀዳዳው ስትሰወር ጉዳዩ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የመንግሥት ነው። ወይም የከርሰ ምድር ነው። የእኛ አለመሆኑ ብቻ የተረጋገጠ ነው።

እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። ስሜ በላይ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ ዕጣ የወጣልኝ ግን ከሁሉ በታች ነው። ሀና ማርያም አካባቢ፣ ግራውንድ፣ ከመግቢያው በስተቀኝ። ግራውንድ መኖር መቼም ደግ ነገር አለው። ደረጃ አትወጡም፣ ዘይትና ጤፍ ተሸክማችሁ አታለከልኩም፣ ውሃ ስትመጣም ቀድማ የምትደርሰው እናንተ ጋ ነው። ክፋቱ አንድ ነው። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችሁ የበሉት፣ የጠጡት፣ የታጠቡበት ሁሉ በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው። ሲያልፍ ማንም አይሰማውም። አላልፍም ያለ ቀን ግን መጀመሪያ የሚያውቀው የግራውንድ ሰው ነው።

አላልፍም ያለው እሁድ ጠዋት ነው። እሁዱም ተራ እሁድ አልነበረም። አንድዬ ልጄን ቅድስትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡበት እሁድ ነበር።

ቅድስት ፋርማሲስት ናት። ልጁ ዮናስ ይባላል፤ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ክፉ ነገር የለውም። እውነቱን ለመናገር ክፉ ነገር ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። የማይጠጣ፣ የማያጨስ፣ በር ሲከፍት ታላቁን የሚያስቀድም ልጅ ላይ ምን እንከን ይወጣለታል? ብዙ ፈልጌ ያገኘሁበት ጥፋት ሐዋሳ ሥራ ማግኘቱ ብቻ ነው። ይዟት ሊሄድ ነዋ! ሐዋሳ እኮ ቅርብ ነው፣ መንገዱም ጥሩ ሆኗል እያሉ ያጽናኑኛል። መንገዱን ጥሩ ያደረገው እሱ ራሱ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ? ልጄ ካደገችበት ክፍል ወዲያ ያለው አገር በሙሉ ለእኔ ሩቅ ነው።

እምቢ እንደማልል አውቄዋለሁ። ማዘግየት ግን እችላለሁ። ወጉም ይፈቅድልኛል። ሽማግሌ መጥቶ ቆሞ «ልጅህን ለልጃችን» ሲል፣ አባት የተባለ ሰው ወዲያው እሺ አይልም። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ መሬት መሬት ያያል፣ «ዘመድ ላማክር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይላል። ሲመለሱ ደግሞ አጎቷ ከክፍለ ሀገር አልደረሰም ይላል። ሽማግሌዎቹም እሺ እስኪባሉ ቁጭ አይሉም። እኔ ይህን ሁሉ አስቤ ንግግሬን ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ስለማመድ ከረምኩ። «የተከበራችሁ አባቶች፣ ይህን የመሰለ ጉዳይ በዝግታ ቢፈስ ያምርበታል» የሚል መግቢያ ነበረው። የሚፈስ ነገር እንዲህ የሚያስጠላኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ስጋት ነበረብን። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ጋሽ ደምሴ፣ የዮናስ አባት ታላቅ ወንድም፣ ዮናስን እንደ ልጃቸው ያሳደጉት ሰው ናቸው። ላፍቶ ውስጥ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ይበልጥ የታወቁት ግን በኩርፊያቸው ነው። አንድ ቤት ለሽምግልና ሄደው ደጅ ላይ ጥቂት ቢያቆዩአቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ ይባላል። ያ ጋብቻም በዚያው ቀረ። ቅድስት ቅዳሜ ማታ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና፣ «አባዬ፣ ቀጠሮ እንደምትሰጣቸው አውቃለሁ። በክብር ስጣቸው እሺ? ደጅ እንዳይቆሙ ብቻ» አለችኝ። ደጅ እንደማይቆሙ ቃል ገባሁላት።

እሁድ ጠዋት ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከራቫቴን ሳስተካክል፣ ባለቤቴ አስቴር ከሽንት ቤት ጮኸች።

«በላይ! ተመልሶ መጣ!»

«ማን?»

«የሁሉም ሰው!»

ሄጄ አየሁት። አልተርከውም፤ አንባቢ ቁርስ በልቶ ይሆናል። ባጭሩ፣ የአምስት ፎቅ ሕዝብ ለዓመታት ሲሸኘው የኖረው ነገር የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል እየተመለሰ ነበር። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ውጭ ደግሞ ብሶ ጠበቀኝ። መግቢያው ፊት ለፊት ያለው ማንሆል ክዳኑን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ እንደሚንተከተክ ሽሮ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የወጣውም ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት መንገድ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል።

በዚህ መካከል ዘይነባ ወረደች። ዘይነባ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ለቡ መብራት ኃይል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢም ናት። ሰብሳቢ የሆነችው እኛ ሁላችን አይመቸንም ስላልን ነው። ማንሆሉን አየች፣ ከራቫቴን አየች፣ ሁለቱን አገናኘቻቸው።

«ወላሂ ጋሽ በላይ፣ ዛሬ ነው እንዴ ሽማግሌው?»

አዎ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ስልኳን አውጥታ ወደ ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ደወለችና፣ ስለ ማንሆሉ በአጭሩ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ግን በሰፊው አስረዳች። ተረኛ ቡድን አለ፣ እየመጣ ነው ተባለች። እስከዚያው ግን ከላይ ማንም ሰው ውሃ እንዳይለቅ፣ አንድም ሰው ሽንት ቤት እንዳይጠቀም ተባለ።

እንግዲህ ይህን ትእዛዝ በየቤቱ ማን ያድርስ? ዘይነባ ስልኩን መጠበቅ አለባት። አስቴር እጇ ላይ መጥረጊያ አለ። ቅድስት የምትጠየቅ ልጅ ናት፤ በዕለቱ ደረጃ ላይ መታየት አይገባትም። ስለዚህ እኔ፣ የሙሽራዋ አባት፣ በሙሉ ልብስና በነጠላ ጫማ፣ በየበሩ እያንኳኳሁ «እንደምን አደራችሁ፣ ይቅርታ፣ ለጊዜው ሽንት ቤት እንዳትሄዱ» እያልኩ ፎቁን ወጣሁት።

በሰላም ጊዜ ጎረቤቶቼን ሳውቃቸው ጨዋዎች ናቸው። ያን ቀን ግን ከሰው ሁሉ ጋር እሰጣ ገባ ገጠምኩ። አንዷ ፀጉሯን ሻምፖ ተቀብታ አረፋው በግንባሯ እየወረደ በሩን ከፈተች፤ በዚህ ሁኔታ ወዴት ልሂድ አለችኝ። አንዱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እንዲነገረው ፈለገ። እስኪያልቅ ድረስ ብዬ ብመልስለት፣ ቀድሞ የሚያልቀው የእሱ አቅም እንደሆነ በትሕትና ገለጸልኝ። አራተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ደግሞ እስከ ዛሬ ቤታቸው ለምን መጥቼ እንደማላውቅ ጠይቀውኝ፣ ግባ ሻይ ጠጣ አሉኝ። ሻዩ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ እያሰብኩ አመስግኜ ወረድኩ።

ስወርድ መኪናው ደርሷል። እውነት ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። ዘግይተው ቢመጡ ልላቸው ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ስለ ግብር፣ ስለ ዜጋ መብት፣ ስለ እሁድ። ቶሎ በመምጣታቸው ያን ሁሉ አስቀሩብኝ። ትልቅ ቦቴ መኪና ነው፤ ከኋላው የተጠቀለለ ጎማ አለው፤ ጎማው በከባድ ግፊት ውሃ ወደ ቱቦው እየረጨ የተዘጋውን ይከፍታል። የቡድኑ አለቃ ብርቱካን ትባላለች። ረጅም ቦት ጫማ የተጫማች፣ ድምፅዋ ከመኪናው ሞተር የማያንስ ሴት ናት። ከእሷ ጋር ሁለት ወንዶች አሉ፤ ሁለቱም ሳትናገር ዓይን ዓይኗን አይተው ነው የሚሠሩት። ማንሆሉን ከፈተችና ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ በየበረንዳው የተሰለፈውን ነዋሪ ቃኘችው።

«ዘይት የምትደፉት በላቫንዲኖ ነው አይደል?» አለች።

በረንዳው ላይ አንድ ሰው ሳል ሳል አደረገው።

ባለፈው ወር ወረዳው አዳራሽ ጠርተናችሁ ነበር፣ ከእናንተ ብሎክ የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ናት አለች። ዘይነባ አንገቷን ቀና አደረገች። እኛ ሁላችን የሰማይ ደመና ማየት ጀመርን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ነገሩን አስረዳችኝ። ውሃው በግፊት ሲለቀቅ ወደ ኋላ ተመልሶ በእኔ ሽንት ቤት ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ክዳኑን ዘግታችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ስትጨርሱ ንገሩኝ፣ አንተ እሺ ሳትለኝ አልለቅም አለችኝ። አስቴር ክዳኑ ላይ የጤፍ ማዳበሪያ ልትጭን ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሷን እጠብቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ የደረሱት ይኼኔ ነው።

ሦስት ናቸው። ከፊት ጋሽ ደምሴ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ቀጥ ብለው። ከጎናቸው ጎረቤታቸው ሐጂ ሙዘሚል፣ ጥላ ይዘው። ከኋላ ደግሞ እስከ ዛሬ ስማቸውን ያላወቅኩት ዝምተኛ ሰውዬ። እኔ በማንሆሉ በዚህ በኩል ነኝ፣ እነሱ በዚያ በኩል። መካከላችን ጉድጓዱ፣ ጎማው፣ ሁለቱ ሠራተኞችና ያ የተንጣለለው ነገር አለ። ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን አስቀድመው ሊሻገሩ አንድ እግር ሲያነሱ ብርቱካን እጇን ዘረጋች።

«አባቶች! እዚያው ቁሙ! ጎማው ግፊት አለው፣ ሰው ይጥላል! አንድ እርምጃ እንዳትንቀሳቀሱ!»

ቆሙ። ደጅ ላይ ቆሙ። በመስኮት በኩል የቅድስትን ፊት አየሁት። መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አፏን ሸፍናበታለች። እኔ በበኩሌ ምን ማድረግ እችላለሁ? በሩቅ እጅ ነሳሁ። ከራቫቴ ላይ እጄን አድርጌ በጣም ዝቅ ብዬ ነሳሁ። የጋሽ ደምሴ ፊት ግን እየጠቆረ ሄደ። ጋቢያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አስተካከሉት። ጋቢ የማስተካከሉን ትርጉም ላፍቶ በሙሉ ያውቀዋል። ይኼን ጊዜ ሐጂ ሙዘሚል ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው አንድ ነገር ነገሯቸው። በኋላ እንደሰማሁት፣ «ገባንም አልገባን እስኪፈቀድልን መቆማችን አይቀርም፤ እዚሁ እንናገረው» ነው ያሏቸው። ጋሽ ደምሴ ጥቂት አሰቡበትና ከዘራቸውን መሬት ተከሉ።

ሞተሩ ይጮኻል። ጋሽ ደምሴም ይጮኻሉ። የሚሉት በከፊል ነው የሚሰማኝ፤ ክቡር ጉዳይ፣ ጥሩ ቤተሰብ፣ ዮናስ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ። ሰው በሕይወቱ አንዴ ብቻ የሚሰማው ንግግር ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን እንደ ተበላሸ ሬዲዮ ነው። በዚያ ላይ ብርቱካን በሌላ በኩል እጇን ቫልቩ ላይ አድርጋ ትጣራለች። «ጋሼ፣ ይለቀቅ? ጋሼ!» አስቴር ደግሞ ከውስጥ «ቆይ! ቆይ!» ትላለች። እኔ አንድ ዓይኔን ወደ ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ጆሮዬን ወደ አስቴር አድርጌ ንግግሬን አስታውሳለሁ። የተከበራችሁ አባቶች... በዝግታ ቢፈስ...

ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን የመጨረሻ ከፍ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «ስለዚህ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ቆመን እንለምናለን! ምን ይሉናል?» አሉ።

በዚያችው ቅጽበት አስቴር ከውስጥ «ጨርሻለሁ!» ብላ ጮኸች። ብርቱካንም «ጋሼ፣ እሺ በለኝ እንጂ!» አለች።

እኔም እጄን ወደ ሰማይ አንስቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ «እሺ! እሺ! ጨርሱትና ልገላገል!» አልኩ።

ብርቱካን ቫልቩን አዞረች። ጎማው እንደ እባብ ተወራጨ። ሐጂ ሙዘሚል ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ከፍተው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ዝምተኛው ሰውዬ ከጋሽ ደምሴ ጋር ተቃቀፉ። ዘይነባ ከእኔ ኋላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከዚያ አንደኛ ፎቅ ተቀበለ፣ ሁለተኛ ፎቅ ተቀበለ፣ ሻምፖዋን ያላጠበችውም ሴትዮ ፎጣ ጠምጥማ ከበረንዳዋ እልል አለች።

«አይደለም፣ እኔ እኮ ለእሷ ነው» ልል እጄን ወደ ብርቱካን ስጠቁም፣ ቱቦው ውስጥ አንድ ነገር ጉርርር ብሎ ተላቀቀ። መሬቱ የተነፈሰ ነው የሚመስለው። ያ ሁሉ የተንጣለለ ነገር ዞር ዞር ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ይኼኔ ሕዝቡ ሁለተኛ ዙር ጭብጨባና እልልታ ጀመረ። የትኛው ለጋብቻው፣ የትኛው ለማንሆሉ እንደሆነ መለየት አይቻልም። አስቴር መጥረጊያዋን እንደያዘች ወጣች። ሰው ሁሉ እልል ሲል አየች፣ ውሃው ሲወርድ አየች፣ ለእሱ መስሏት እሷም እልል አለች። ሽማግሌዎቹም እናትየዋ እንደተስማማች በዓይናቸው አዩ።

አሁን ምን ይደረጋል? «ይቅርታ አባቶች፣ እሺ ያልኩት ለፍሳሹ ነው» ይባላል? ለጋሽ ደምሴ? ለእኒያ ጋቢ ለሚያስተካክሉት ሰው? ልናገር አስቤ ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን እያስተካከልኩ ነበር። ግን ቅድስት በጓሮ በር ዞራ መጥታ ከኋላዬ አቀፈችኝ። ፊቷን ኮቴ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ታመላልሳቸዋለህ ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር» አለችኝ።

የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ከውሃው ጋር ሄደ።

የብርቱካን ሰዎች ከማንሆሉ የዘጋውን ነገር በመንጠቆ ሲያወጡት ደግሞ ሌላ ትዕይንት ሆነ። የረጋ ዘይት ነው፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፤ በውስጡ ጨርቅ፣ ዳይፐር፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ በመጨረሻም አንድ ሙሉ አረንጓዴ ሹራብ ከነእጅጌው። ብርቱካን ሹራቡን በመንጠቆ ከፍ አድርጋ፣ የማን ነው አለች። ለአንድ ክንድ መሬት የሚጣላ ብሎክ ያንን ሹራብ የእኔ ነው የሚል አንድ ሰው አጣ። ከዚያ እዚያው ቆማ ለሁላችንም ትምህርት ሰጠች። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ በጠርሙስ ይሰብሰብ፤ ዳይፐርና ሞዴስ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂድ፤ የዝናብ ውሃ ወደ ፍሳሽ ማንሆል አይመራ። እኛ ክረምት ከመግባቱ በፊት መስመሩን በየሰፈሩ እየዞርን እናጥባለን፣ እናንተ ግን ከኋላ ከኋላችን እየሞላችሁት ማን ይችላችኋል አለች። ወረዳው አዳራሽ ያልሄድነው ሁሉ ትምህርቱን በየበረንዳችን ተቀበልን።

አስፋልቱን አጠቡት፣ ኖራ ረጩበት። ያኔ ጋሽ ደምሴ ተሻገሩ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ሳሙኝና፣ ብዙ ቤት ለሽምግልና ሄጃለሁ፣ ሳያለፋኝ፣ ሳይኮራብኝ በአንድ ቃል ልጁን የሰጠ አባት ዛሬ ገና አየሁ አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። ደጅ መቆማቸውን ረስተውታል። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ በአንድ እሺ ፍሳሹንም ልጁንም የለቀቀ ሰው ታይቶ ያውቃል እንዴ?

ምግብ ቀርቦ ሲጠሩ ብርቱካን አልገባም አለች፤ በዚህ ልብስ የሰው ቤት አይገባም ብላ። ጋሽ ደምሴ ግን እነሱ ካልገቡ እኔም አልቀመጥም አሉ። ሐጂ ሙዘሚል ደግሞ መንገዱን የከፈቱልን እነሱ አይደሉም ወይ ብለው አገዟቸው። ሠራተኞቹ ከመኪናው ንጹሕ ውሃ ታጥበው፣ ቱታቸውን አውልቀው ገቡ። ብርቱካን ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። ክትፎም ጥብስም፣ ለሐጂ ሙዘሚል የሚሆን፣ ዘይነባ ቤት የተሠራ ዶሮም ነበረ። ከቤቱ ጠረን በስተቀር የጎደለ ነገር አልነበረም። እሱም ቢሆን የጎደለ ሳይሆን የተረፈ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሥሪያ ቤቱ የየብሎኩን ነዋሪዎች በአውቶቡስ ወስዶ የማጣሪያ ጣቢያውን አስጎበኘን። ዘይነባ ስሜን አስመዝግባው ሄድኩ። ጋሽ ደምሴም ከላፍቶ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ጣቢያው ውስጥ የእኛን ጉድ እያጣሩ ከኩሬ ወደ ኩሬ ያሳልፉታል፤ የመጨረሻው ኩሬ ላይ ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ዳክዬ ይዋኝበታል። የደረቀውን ዝቃጭ አካባቢው ላይ ችግኝ ለሚያፈሉ ሴቶች ይሰጣሉ። አስጎብኚው ብዙ ያብራራል፤ እኔ ዳክዬዎቹን አያለሁ። አንዱ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ማዶው ዳር ሲሄድ አይቼ ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው፣ ሐዋሳም ሐይቅ አለው አይደል አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን አፈሩ ላይ እያሽከረከሩ፣ «አንተ ልጅህ ብቻ የምትሄድ ይመስልሃል?» አሉኝ። «ያን ልጅ ከሞተ ወንድሜ ተረክቤ ነው ያሳደግኩት። እኔም ቤት አንድ አልጋ ባዶ ይቀራል።»

አውቶቡሱ እስኪጠራን ሁለታችንም ዳክዬ ስናይ ቆየን። ስንመለስ ጋሽ ደምሴ እጄን ይዘው ነው የአውቶቡሱን ደረጃ የወጡት።

ሰርጉ አለፈ፣ ልጆቹ ሐዋሳ ገቡ። ቤቱ ሰፋ። አስቴርን አንድ ቀን የዚያን ጠዋት እሺታዬ ለማን እንደነበር ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ «ሰምተሃቸው ቢሆንስ ምን ልትል ነበር?» አለችኝ። የተከበራችሁ አባቶች ብዬ ልጀምርላት ነበር፤ ተውኩት። ለሌላውም ሰው እውነቱን ደብቄ አላውቅም። ለዮናስ ነገርኩት፣ ሳቀ። ለጋሽ ደምሴም ፊት ለፊት ነገርኳቸው፤ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው፣ ትልቅ ሰው መልካም ሥራውን እንዲህ በቀልድ ይሸፍነዋል አሉ። ጭራሽ ባሰብኝ። ከላፍቶ እስከ ጀሞ ልቡ የቀና፣ ቀጠሮ የሚጠላ፣ ነገር የሚያፋጥን አባት ተብዬ ስሜ ወጣ። ሰው ሽምግልና ሲፈልግ እኔን ይዞ መሄድ ገድ ነው ይባላል። በላይ ካለበት እሺ ቶሎ ይገኛል አሉ።

ባለፈው ወርም ጋሽ ደምሴ ይዘውኝ ለቡ አንድ ቤት ሄድን። ቤቱ ንጹሕ፣ ምንጣፉ ወፍራም፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ቆመን ጠየቅን። የልጅቷ አባት አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። መሬት መሬት አየ። ዘመድ አላማከርኩም፣ እናቷም አላመነችበትም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አለን። ተመለስን። አጎቷ ከክፍለ ሀገር አልደረሰም አለን። ሦስተኛ ሄድን፤ ጾም ነው አለን። ከዚያ ቤት ስንወጣ ጋሽ ደምሴ በንዴት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጨካኝ አባት ነው አሉኝ። ሰው ሁሉ እንዳንተ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት አሉ።

እግሬ ከመቆም ብዛት ነዝሯል፤ ወገቤ ተቆርጧል። ግን ዞር ብዬ በሩን ሲዘጋ የነበረውን ያን አጭር ሰውዬ አየሁትና፣ ማንም ሳያየኝ፣ ኮፍያዬን አነሳሁለት።